የላላው ማሰሪያ

ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የተራራ መውጣት ስፖርት ክለብ ጸሐፊ የሟቿን የመሣሪያ ተቆጣጣሪ ሪፖርት ከድረ ገጹ የጋራ ፎልደር ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋው። ከመሞቷ በፊት «የመለማመጃው ግድግዳ የላይኛው የገመድ ማሰሪያ ላልቷል» ብላ ጽፋ ነበር። እሱ ግን የክለቡ ውድድር እንዳይሰረዝበት ሪፖርቱን ደብቆ፣ «ተጠግኗል» ብሎ ግድግዳው ላይ አወጣት፤ ወድቃም ሞተች። በቀብሯ ላይ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነበር። ሰኞ መርማሪዎች ይመጣሉ።

ሪፖርቱ ተመለሰ። ከሥሩ «ያስገባችው፦ መሣሪያ ተቆጣጣሪዋ፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት» ይላል።

ለክለቡ ሊቀ መንበር ደወለ። «ጋሼ፣ በእሷ ስም የሚገባ ሰው አለ።»

«በቀብሯ ማግስት የመግቢያ ስሟን የዘጋኸው አንተው አይደለህ? ደግሞ ጥላህን መሸሽ ጀመርክ?» ብለው ሳቁበት።

ስልኩን ሲያስቀምጥ አዲስ ፋይል ገብቶ ጠበቀው፤ «የአደጋ ሪፖርት፦ የክለቡ ጸሐፊ። ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ተኩል።» የግድግዳው ሰዓት አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ይላል። ፋይሉን ሊከፍተው ቢሞክር «ያስገባችውን ፈቃድ ጠይቅ» አለው።

«እህቴ፣ በምን እንደምሞት ብቻ ንገሪኝ» ብሎ ጻፈላት።

ከጽሑፉ ሥር «አንብባዋለች» የሚል ምልክት ወጣ። መልስ ግን አልመጣም።