የኦቦ ጫምሳ ንስር

«አትንቀጥቀጪ ልጄ፤ ታንኳዋም አብራሽ ትንቀጠቀጣለች» አሉኝ ኦቦ ጫምሳ። እንዴት አልንቀጠቀጥ! ዓሣ አዳኟ ንስር ባቱ ሐይቅ ዳር ካለው ግራር ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቁልቁል ታየናለች፤ ነጭ ራሷ በጠዋቱ ፀሐይ ቦግ ብሏል።

እኔ አዳማ ላይ አሥር ዓመት ሙሉ ሙሽራ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ነኝ። ሙሽራ ቁሚ ሲሏት ትቆማለች፣ ምን ደስ ይላል? ንስር ዓሣ ስትነጥቅ ማንሳት ነበር ምኞቴ፤ ሌንሱ ከየት ይምጣ! ትናንት የስቱዲዮ ባልደረባዬ ጃፋር ረጅሙን ሌንሱን አዋሰኝ። ግን ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሰርግ አለበት። እስከዚያ ካላደረስኩለት ሌንሱን ዳግመኛ አልነካውም።

ኦቦ ጫምሳ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ጠዋት መረባቸውን ካወጡ በኋላ እያፏጩ ለዚች ንስር ትንሽ ቆሮሶ ዓሣ መወርወር ከጀመሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ከመረቡ ከወጡት መሀል ትንንሾቹ ሁለት ብቻ ናቸው።

አፏጩና አንዱን ወረወሩ። ንስሯ ክንፏን ዘርግታ ወረደች። እኔ ሞኟ ደግሞ በሙሉ ድምፄ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ፈገግ!» አልኩ። የለመደ አፍ! ንስሯ ደንግጣ ወደ ግራሯ ተመለሰች፤ ቆሮሶውን ፔሊካን ዋጠው።

ኦቦ ጫምሳ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ሚዜዎቿስ የት አሉ ብለው ቀለዱብኝ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። የቀረችውን ቆሮሶ ሲያነሱ ሻርፔን ጥርሴ መሀል ወትፌ ነከስኩ።

ወረደች። ካሜራው ተንጣጣ፣ ውሃው ተረጨ፣ ቆሮሶው ከሐይቁ ወጣ። ሻርፔን ተፍቼ እልል አልኩ፤ ታንኳዋ ልትገለበጥ ትንሽ ቀራት።

ፎቶውን አጉልቼ አሳየኋቸው። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እሳቸው ግን ላባውን አላዩም፤ ጣታቸውን እግሯ ላይ አደረጉ። ቆሮሶውን የያዘችው በግራ እግሯ ብቻ ነው። ቀኙ ጥፍር የለውም፣ ጉቶ ነው።

«ራሷ የማታድነው በስንፍና መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ስድስት ዓመት አበላኋት፣ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬ አላየኋትም።»

ለቤታቸው ያስቀመጡትን ትልቁን ቆሮሶ ከቅርጫቱ አወጡ። ሊያፏጩ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው እምቢ አላቸው። ሴት ልጅ አታፏጭም ይባላል። ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና እኔ አፏጨሁላቸው።