በጥንቃቄ የታሸገው ሸክላ

የራሱን ጥፋት በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የሚያኖር ሰው ውሎ አድሮ ሁለት ነገር ይሸከማል፤ የሠራውንና የካደውን። የሙዚቃ ሸክላ ነጋዴው መጨረሻ ይህን ያስረዳል።

የመድን ድርጅቱ መርማሪ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ በአራቱም ጎኑ አገላብጣ አየችው። አንደኛው ማዕዘን በጥቂቱ ተጨፍልቋል፤ ፕላስተሩ ግን እንደተለጠፈ ነው። ገዢው ዕቃው መንገድ ላይ መውደቁ ቢነገረው ሳይከፍት፣ ሳይፈርምም መልሶታል። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚከፈተው፣ በመድን ድርጅቱ ደንብ መሠረት፣ ላኪው፣ ባለቤቱና አጓጓዡ በተገኙበት ነው። ስለዚህም ነጋዴው፣ የሟች ወንድሙ ሚስትና ካርቶኑ ከእጁ ያመለጠው ጫኝ በዚያች ጠባብ ክፍል ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል።

«ሲወድቅ ያየህ ሰው ነበር?» አለችው መርማሪዋ ጫኙን።

«የለም።»

«ታዲያ ማን ተናገር አለህ?»

«‹ተጠንቀቁ› የሚል ጽሑፍ እኮ አለበት፤ በቀይ» አለ ጫኙ፣ ሌላ ምክንያት የሚያስፈልግ አልመሰለውም። ከተናገረበት ቀን ጀምሮ ከሥራ ታግዷል። «እትዬ፣ ይቅርታ ከመለመን በቀር ምን አቅም አለኝ?»

«ይቅርታህን ምን ላድርገው? አላጫውተው» አለች ባልቴቷ ዞራ ሳታየው። «ለአንተ ካርቶን ነው። ለእኔ የባሌ ድምፅ ነው። ዘፈኑን ለሙከራ ብለው በአንድ ሸክላ ብቻ አተሙለት፤ ሁለተኛ የለውም። ልጁ እንኳ ሰምታው አታውቅም። ገዢው ድምፁን ገልብጦ ሊልክልን ቃል ባይገባ ኖሮ መቼ ከቤቴ ይወጣ ነበር?»

ነጋዴው መስኮቱን ይመለከት ነበር። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እርሱ ግን ዓይኑን አልነቀለም። ሸክላው ወደ ካርቶኑ ሲገባ ደኅና እንዳልነበረ በዚያች ክፍል ውስጥ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ወንበር ላይ አኑሮት ስልክ ሊያነሣ ሄደ፤ ሲመለስም ተቀመጠበት። ዕድሜውን ሙሉ ደንበኞቹን «ሸክላ ወንበር ላይ ይቀመጣል እንዴ?» እያለ ሲቆጣ የኖረ ሰው! ለወንድሙ ሚስት ይህን የሚናገርበት አፍ አጣ። መድን ገብቶለት ላከው፤ መንገድ ላይ ተሰበረ ይባላል፣ ካሳውን ተቀብሎ ይሰጣታል፣ ስሙም አይጎድፍም። ጫኙ በራሱ ላይ መመስከሩን የሰማ ቀን እፎይ ብሎ አደረ። ሰውየው ጥቂት ቀን ታግዶ ይመለሳል እያለም ራሱን አጽናና።

«ያሸጉት እርስዎ ነዎት?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ።»

«ማሸጊያው ጉድለት ካለበት ካሳ አይከፈልም፤ ደንቡ ነው።»

«ጉድለት?» ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። «እኔ ያሸግሁት ላይ? ከእኔ በቀር እጁን ያሳረፈበት ሰው የለም፤ ፕላስተሩን እንኳ ሌላ ሰው አላስቆረጥሁም።»

«በዚህስ አይታማም» አለች ባልቴቷ፣ በእንባዋ መካከል ፈገግ ብላ። «ባሌ ‹ወንድሜ ያሸገው እንቁላል መንገድ ላይ ይፈለፈላል እንጂ አይሰበርም› ይል ነበር።»

ጫኙም ሳይወድ ሳቀ። መርማሪዋ ያሉትን ጻፈችና ፕላስተሩን በምላጭ ቀደደችው።

መጀመሪያ ባዶው የሸክላ ሽፋን ወጣ። «ለብቻው ነው የሚላከው፤ አለዚያ ሸክላው ሲንቀሳቀስ ይቀደዋል» አለ ነጋዴው፤ ሙያው ሲነሣ ዝም ማለት አይችልም። ከዚያ ስፖንጁ፣ ከስፖንጁ በታች ሸክላው። ከመሐል ለሁለት ተከፍሏል። ባልቴቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

መርማሪዋ አንዱን ስባሪ በሁለት ጣቷ ብድግ አደረገችው። ከተሰበረበት ጠርዝ ላይ ነጭ ስስ ወረቀት ተነሣ፤ በልኩ ተቆርጦ፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ ሁለቱ ስባሪዎች እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ በመካከላቸው ገብቷል።

«ይህን ማን አስገባው?»

ነጋዴው ወረቀቱን ሲያየው እንግዳ ነገር ያየ ያህል ደነገጠ። ማስገባቱን አያስታውስም። የተጎዳ ሸክላ የበለጠ እንዳይጎዳ ማድረግ የለመደ እጁ፣ እርሱ ውሸቱን ሲያሰላ ሥራውን ሠርቷል። ሙሉ ሸክላ ግን መካከሉ ወረቀት አይገባበትም።

ጫኙ የሆነው ስላልገባው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያይ ነበር። ቀድማ የገባት ባልቴቷ ናት።

«ጋሼ» አለች፤ «በስልክ ‹ደኅና ነው ወይ?› ብዬ ስጠይቅዎ ‹አልጋው ላይ እንደተኛ ሕፃን ነው› አሉኝ።»

«እኔ እተካልሻለሁ፤ ሱቄንም ሸጬ ቢሆን።»

«ምኑን ነው የሚተኩት?»

መልስ ሳትጠብቅ ወንበሯን ከእርሱ አርቃ ወደ ጫኙ አስጠጋች። መርማሪዋ ወረቀቱን በኤንቨሎፕ አድርጋ አሸገችው።

ካሳው ተከለከለ። ጫኙ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነጋዴው በማታለል ወንጀል ተከሶ አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ ሱቁ ለዕዳ ተሸጠ፣ በሸክላ ንግድም ዳግመኛ ዕቃ አምኖ የሚሰጠው ሰው አላገኘም። በታሰረበት ዓመት የወንድሙ ሚስት አልጠየቀችውም፤ ልጇንም አልላከችም።