ምድጃው ሳይለኮስ

"ሥራ ነው! ተመለስ!" እለዋለሁ።

"ጨዋታ ነው፣ እማዬ!" ይላል ልጄ ኡደሽ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ወደ ባሕሩ እየሮጠ። ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው፤ ግን ከሥሩ ረጅም የብረት እግር አለው፣ ከእግሩ ጫፍ ደግሞ ክንፍ። ፎይል ይሉታል። "ማንን አስተማርኩ? ማን ከፈለኝ? ጨዋታ ደግሞ ማን ከለከለ?"

እውነቱን ነው። ዛሬ ኖናጋተ ነው፤ አሮጌው ዓመት ወጥቷል፣ አዲሱ ገና አልገባም። ኮከብ ቆጣሪዎቹ የቆረጡት ሰዓት እስኪደርስ እሳት አይነድም፣ መረብ አይጣልም፣ ስለ ሥራ አይወራም። መጫወት ግን ይቻላል። የጎረቤቴ የሊላ የልጅ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ዥዋዥዌ ላይ ናቸው። ይኸው እንግዲህ፣ ጢም ያወጣው ልጄም እንደነሱ መሆን አማረው።

እኔ ከቤቴ ፊት፣ ባሕሩ ዳር ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ። ምድጃውን ጠርጌ፣ እንጨቱን ደርድሬ፣ አዲሱን ድስት አዘጋጅቼ ነው የወጣሁት። ክብሪቱን ወገቤ ላይ ሸጉጫለሁ። የቤተ መቅደሱ ከበሮ ሲመታ እነሳለሁ፤ ርችቱ ሲተኮስ እለኩሳለሁ። በዚያች ደቂቃ ያልለኮሰች ሴት ዓመቱን ሙሉ ቤቷ አይቀናም ትለኝ ነበር እናቴ። አንድም ዓመት አሳልፌው አላውቅም።

ከጎኔ ቶርበን ተቀምጧል። አገሩ ዴንማርክ ነው። በየዓመቱ ለዕረፍት ወደ እኛ ወደ ስሪላንካ እየመጣ ፎይሉን ከኡደሽ ይማራል፣ ከእኔ ቤት ይበላል። ቋንቋችንን የለመደው ከኩሽናዬ ስለሆነ ከምግብ ውጭ ብዙ ቃል የለውም። ሌሎቹ እንግዶች ወቅቱ ሲያልቅ ሄዱ፤ እሱ ግን ቀረ። እሳት ስለሌለ ቁርስ አላበላሁትም፣ ሆዱ ሲጮህ ይሰማኛል።

ደግ ሰው ነው፣ ምን ያደርጋል! ልጄን ሊወስድብኝ ነው እንጂ። አገሩ ላይ ፎይል የሚማሩበት ቤት ሊከፍት ነው፣ "ኡደሽ ይምጣልኝ" ይላል። ኡደሽ ደግሞ "እናቴ ሂድ ካለች እሄዳለሁ፣ እምቢ ካለች ቀረሁ" ብሎ ነገሩን እኔው ላይ ጣለው። ዛሬ ጠዋት ሲጠይቁኝ፣ "በኖናጋተ ስለ ሥራ አይወራም፤ ርችቱ ሲተኮስ እነግራችኋለሁ" አልኳቸው።

ቆርጫለሁ። እምቢ ነው የምለው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። በዚህ ለብ ባለ ውሃ ያደገ ልጅ፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ቤት አለው?

"አንቺ!" ትለኛለች ሊላ፣ በአጥሯ ላይ አንገቷን አውጥታ። "ልጅሽን ውሃው አቃጠለው እንዴ? እግሬን አላስነካም አለ እኮ!"

እውነትም አላስነካም። አንዲት ትንሽ ማዕበል ያዘ፤ የሰፈሩ ጎረምሶች የሚንቋትን ዓይነት። ሰሌዳው ከውሃው ብድግ አለና ያች ቀጭን የብረት እግር ብቻ ባሕሩን እየሰነጠቀች መጣች። ማዕበሏ ዳር ደርሳ ሞተች። "በቃ ወደቀ" ስል፣ ዞረ። በጉልበቱ ጫን፣ ጫን እያደረገ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፤ ውሃውን ሳይነካ ሌላ ማዕበል ያዘ። ደግሞ ዞረ። ደግሞ ሌላ።

እየሳቀ ነው። እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

እኔ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ "ከፈረንጆች ጋር ውሃ ይራጫል" ስል ኖሬያለሁ። ተራጭቶ ነው? እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሰው ሰሌዳ ሲይዝ፣ "ጉልበትህን እጠፍ! ፊት ለፊት እይ!" እያለ ሲጮህ ይውላል። ማታ ዓይኑ ደም መስሎ ሳህኑ ላይ ያንቀላፋል። ለራሱ ሲጫወት አይቼው አላውቅም።

"እማማ" አለ ቶርበን፣ ዓይኑን ከባሕሩ ሳይነቅል።

"ስለ ሥራ አይወራም ብያለሁ!"

"ሥራ አይደለም።" ቃል ፈለገ፣ ፈለገና ከኩሽናዬ የወሰደውን አገኘ። "በጣም ይጣፍጣል።"

ሳልወድ ሳቅሁ። "ይጣፍጣል" አልኩት።

ከበሮው ተመታ። ሊላ የልጅ ልጆቿን እየጠራች ወደ ቤት ገባች። እኔም ተነሳሁ፣ አሸዋዬን አራገፍኩ፣ ክብሪቱን ከወገቤ አወጣሁ። "ኡደሽ! ምድጃው!"

ማዕበል ይዞ መጣ፤ ጥርሱ እስኪታየኝ ቀረበ። አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። "አንዴ ብቻ፣ እማዬ! አንዴ ብቻ!"

ሕፃን ሳለ ከዚሁ ውሃ በአርጩሜ ሳስወጣው እንዲሁ ይለኝ ነበር። ድምፁ እንኳ ያው ነው። ዞሮ ሄደ።

ቶርበንም ቆሟል። አይጠይቀኝም፤ ሰዓቱ አልደረሰማ።

"ያንተ አገር ባሕር ይቀዘቅዛል?" አልኩት።

ሊዋሸኝ ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት። ግን መዋሸቱን ተወው። "በጣም፣ እማማ። በጣም ቀዝቃዛ።"

"እንግዲያው ወፍራም ልብስ ግዛለት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትኩስ ነገር ሳይቀምስ ውሃ እንዳታስገባው።"

ኖናጋተ እንዳላለቀ ያስታወስኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ርችቱ ከዳር እስከ ዳር ተንጣጣ። ከየቤቱ ጭስ መውጣት ጀመረ፣ ከሊላም ቤት። እኔ ክብሪቱን እንደጨበጥኩ ባሕሩ ዳር ቆሜያለሁ። አንዴ ብቻ ያለኝ ልጄ ገና ወደ ውስጥ እየሄደ ነው።