ሰባተኛው በር

ብዙነሽ ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ቢሮ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። ያን ቀን ጠዋት ቡሌ ላይ የሚገነባውን ክሊኒክ የበሮች ሰንጠረዥ ስታስተካክል፣ ሚሊሜትሩን ሁሉ ወደ ሜትር ቀየረችው። የሁሉም በር ቁመት 2.10 ሆነ፤ የሰባተኛው ግን 1.94 አለ። አረመችው። ዞር ብላ ስታየው 1.88 ሆኗል።

«ፍሬዘር! ፋይሌን አትንካ አላልኩህም?» ብላ ጮኸች።

«ኮምፒውተሬን እንኳ አልከፈትኩም» አለ ባልደረባዋ።

በንዴት የኔትወርኩን ገመድ ነቀለችው። ይሄኔ ስልኳ ጠራ። የግንባታው ፎርማን ጋሽ ፈለቀ ነበሩ።

«ምን ዓይነት ልክ ነው የላክሽልን? ትናንት ቀጥ ብዬ የገባሁበት ሰባተኛው በር ዛሬ ግንባሬን ፈነከተኝ!»

«እኔ የላክሁት ሁለት ሜትር ከአሥር ነው! ራስዎ አበላሽተው በእኔ አያሳብቡ!»

«እንግዲያው ስሚ፤ ይኸው ከውስጥ ሆኜ እየለካሁት ነው። አንድ ሜትር ከ...»

«ሰባ» አለች ብዙነሽ፣ ስክሪኑን እያየች።

«ማን ነገረሽ?»

2.10 ብላ ጻፈች፤ 1.40 አለ። ኪቦርዱን በቡጢ መታችው፤ 0.95 አለ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ይውጡ! አሁኑኑ ይውጡ!»

«በየት በኩል ልውጣ? ክፍሉ ሌላ በር የለው፤ ይሄኛው ጉልበቴ ጋ ደርሷል።» ቁጣቸው ጠፍቷል። «ሠራተኞቹም እኮ እዚሁ ከእኔ ጋር ናቸው።»

ስልኩ አልተቋረጠም። የብዙ ሰው ትንፋሽ ይሰማል። ሰንጠረዡ ላይ 0.40 አለ።

ከዚያ 0.39።