እጅ የማይደርስበት ቴርሞስታት

የአቶ አበራ ሰማያዊ መኪና በዚያ ክረምት ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ አፈላች። በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። ልጃቸው ሩሐማና እህታቸው ወለተ ጊዮርጊስ ወርደው ገፏትና ጥግ አስያዟት።

አቶ አበራ የፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ሥራቸው ዕቃ ሳይፈቀድለት ከበር እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ቤታቸውንም እንደዚያው ይጠብቃሉ። በተለይ ሩሐማ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚያው ፔዳ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ከተቀጠረች ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። አንድ ቀን ሽማግሌ ይመጣል፣ ይወስዳታል፣ ቤቱም ባዶ ይቀራል። እህታቸው ወለተ ጊዮርጊስ አለች፤ እሷ ግን ሁልጊዜም ያለች ናት።

«ደግሞ ቴርሞስታቱ ነው?» አሉ እራት ላይ።

«እሱው ነው፣ ጋሼ» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «ሞተሩ ሲሞቅ ከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው እሱ ነው። አልከፍትም ካለ ሞተሩ ይቀቀላል።»

«ሌላው መካኒክ ሁሉ አውጥቶ ይጥለው የለም እንዴ! ባሕር ዳር ውስጥ ቴርሞስታት ያለው መኪና የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይኼ ገድሉ የሚሉት ሰውዬ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚቀይረው?»

«ሞያ ስለሚያውቅ ነዋ።»

«መጣል አያውቅም?»

«ቦታውም አስቸጋሪ ነው። ማኒፎልድ ከሚሉት ቱቦ ሥር፣ ከሞተሩ ጀርባ ተደብቋል። የእሱ እጅ አይገባም። ሁሉንም ፈትቶ ከሚያድር ቀጭን እጅ ቢያግዘው ይሻላል፤ የሴት እጅ።»

አቶ አበራ የልጃቸውን እጅ አዩ። ቀጭን ነው። ሩሐማ መጽሐፏን ፊቷ ላይ ከፍ አደረገችው።

«ወለቴ፣ ነገ አብረሻት ትሄጃለሽ» አሉ። «ዓይንሽን ከሰውዬው ላይ እንዳትነቅዪ።»

«አልነቅልም፣ ጋሼ።»

በማግሥቱ ከሥራ ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዘንቢል ሎሚ ተቀምጧል። ገድሉ አገሩ ዘጌ ነው፣ ከጓሮው ልኮልን ነው ተባሉ። መካኒክ ለደንበኛው ሎሚ ሲልክ ሰምተው አያውቁም። ወደ መታጠቢያው ሄዱ። በጥቁር ግራሶ የጨቀየ የሎሚ ልጣጭ ወድቋል።

«ሩሐማ! እጅሽን አሳዪኝ!»

አሳየቻቸው። ጥፍሯ ውስጥ እንኳ ጥቁር የለም። እንዲህ አጥርታ የታጠበች ልጅ የምትደብቀው ነገር አላት ብለው ደመደሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ማእድ ቤት ሲገቡ ደግሞ በእንቁላል መቀቀያው ድስት ውስጥ አንዲት የነሐስ ነገር ትንተከተካለች። እያዩዋት መሃሏ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የተፈታው ቴርሞስታት ነው» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። እያንጎራጎረች ነበር። «ሩሐማ ናት ያመጣችው።»

«እና ለምን ይቀቀላል?»

«ይከፍት እንደሆነ ለማየት።»

«ከፈተ እኮ!»

«ከፈተ፤ ተገልብጦ ተገጥሞ ይሆናላ» አለችና ድስቱን ቶሎ ከደነችው።

አቶ አበራ ስለ ድስቱ አልተጨነቁም። ልጃቸው የሰውዬውን ብረታ ብረት ለማስታወሻ ማስቀመጥ ጀምራለች። ነገሩ ከዚህ ደርሷል።

ሰኞ መኪናዋ እንደገና አፈላች። አቶ አበራ ከሥራ አስፈቅደው ሳይነግሩ ጋራዡ ደረሱ። ሩሐማ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ገድሉ ረጅም ሰው ነው። ጺሙ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ጎረቤቱ መኪና ቀቢ ስለሆነ ቀለም ተረጭቶበት ይሆናል። በሁለቱ መሃል ወለተ ጊዮርጊስ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ባትሪ እያበራች ቆማለች። በእህታቸው ኮሩ። መጋዘናቸው እንኳ እንዲህ ያለ ዘብ የለውም።

«ስማ አንተ!» አሉ። «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው። አዲስ እንዳትገጥም።»

ገድሉ ደነገጠ። «ጌታዬ፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። ነዳጅም ትበላለች።»

«ትብላ!»

«እንግዲያ ከዚህ ወዲያ እዚህ ምን ያመጣታል?»

«ምንም!» አሉ አቶ አበራ በደስታ።

ወለተ ጊዮርጊስ ባትሪውን ጣለችው። ሩሐማ አንድ ገጽ ገለጠች። ማስመሰል ትችልበታለች አሉ በልባቸው።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ አንድም ቀን አላፈላችም። አቶ አበራ እንቅልፋቸው ተመለሰ። የወለተ ጊዮርጊስ ወጥ ብቻ ጨው ይበዛበት ጀመር።

ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት መስቀላቸውን የያዙ የዘጌ ቄስ ናቸው፤ መምሬ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ። ተቀመጡ ቢባሉ እሺ አላሉም።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ። «ዝምድና ፈልገን ነው የመጣነው። ልጃችን ገድሉ እጀ ወርቅ ነው። ጠባዩ ምስጉን ነው፤ የጎዳው ብቸኝነት ብቻ ነው። እርስዎም ለዚህ ቤት አባትም ወንድምም ነዎት…»

ወለተ ጊዮርጊስ ሹሩባ ተሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በጓዳው በር ብቅ አለች። አቶ አበራ ዞር ብለውም አላዩአት። ይህን ንግግር ሲዘጋጁበት ከርመዋል።

«መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አይጨርሱት! ገና ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር። በመስቀልዎ ፊት እናገራለሁ፤ ሩሐማን አልሰጥም! ከዚህ ቤት ሌላ የፈለገውን ይውሰድ፣ አልከለክልም። ሩሐማን ግን አልሰጥም!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መምሬ መርስዔ ኀዘን ወደ ጎን ዘንበል ብለው ጓደኛቸውን በሹክሹክታ ጠየቁ።

«ሩሐማ ደግሞ ማናት?»