ከመኪናው ኋላ የሚረጨው ወተት

ታላቅ ወንድሜ ዳምባ ውሃ የሚያንጠባጥብ አሮጌ መኪናውን ጋራዤ ድረስ አመጣው። ዕድሜውን ቢሮ ለቢሮ ሲሽከረከር የኖረ ሰው ነው፤ የራዲያተር ውሃን ከዝናብ ውሃ አይለይም።

«ቶሎ በል ጎምቦ፤ ዛሬ የጎቢን በረሃ ማቋረጥ አለብኝ።»

«የሚያፈሰው የቱቦው መጋጠሚያ ነው ጋሼ፤ ተሰንጥቋል።»

«ድሮስ ከመፍቻ ሌላ ምን ታውቃለህ!»

መጋጠሚያውን ለወጥኩለት። የቱቦውን ማሰሪያ ግን ያንኑ አሮጌውንና የላላውን መለስኩ። በረሃ መሃል ይቁምና ዋጋዬን ይወቅ።

እናታችን እሱ መንገድ ሲወጣ፣ በሰላም እንዲገባ ብላ ከመኪናው ኋላ በጭልፋ ወተት ትረጭ ነበር። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ረጭታ አታውቅም። ከቀበርናት ሁለት ክረምት አልፏል።

መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ ዘይት በጠጣው ጥቁር መሬት ላይ ነጭ ጠብታ ከላይ ወረደ። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ወተት ነው፣ ገና ትኩስ።

«ሞታም ለእሱ!» ብዬ ተፋሁ።

ሌሎች ጠብታዎችም እየወረዱ መኪናውን እስከ ጋራዡ በር ተከተሉና ቆሙ። መኪናው ሄደ። ጠብታዎቹ ግን ዞሩና፣ አንድ በአንድ፣ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ።