የባሕር ሣር በጋዜጣ

ከአሥመራ የመጡት መንገደኞች ቦሌ ላይ ሲፈተሹ ፈታሹ የአንዱን ወጣት ሻንጣ ከፈተና የጋዜጣ ቁልል አገኘ። በየገጹ መሐል ቡናማ ሣር ተጋድሟል።

«ምንድነው ይሄ?»

«የባሕር ውስጥ ደን ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ከምፅዋ ያመጣሁት። ትንንሾቹ ዓሦች እዚያ ተደብቀው ያድጋሉ፤ እኔ የማጠናው እሱን ነው። ጋዜጣው እርጥበቱን እንዲመጥጥልኝ ነው።» ወጣቱ ፈገግ አለ። «ለማስረዳት ትንሽ ይከብዳል፣ ጓዴ።»

ፈታሹን ይቺ ፈገግታ ጠቅ አደረገችው። ከስድስተኛ ክፍል የወጣው ትምህርት ከብዶት አልነበረም፤ አባቱ ሞቶበት ነው። እንዲህ ፈገግ ያሉበትን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳል። አንዱን ሣር ከጫፉ ያዘና ይልጠው ጀመር።

«ቀስ፣ እባክህ፤ ይሰበራል» አለ ወጣቱ።

ቀስ አለለት። ሣሩ ሲነሳ ከሥሩ የደርጉ ሊቀመንበር ፎቶ ብቅ አለ። የባሕሩ ዝቃጭ ፊታቸውን አጥቁሮታል፤ የሣሩ አገዳም አንገታቸው ላይ እንደ ገመድ ዞሮ ታትሟል። ፈታሹ ከዚህ ላነሰ ነገር ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች ያውቃል። ወጣቱ ግን ፎቶውን ልብም አላለው፤ ዓይኑ ሣሩ ላይ ነበር።

ፈታሹ ሣሩን በሁለት እጁ ደግፎ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠለት። ጋዜጣውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወንበር ሳበ።

«ይቀመጡ፣ ምሁር። የሚያስረዱት ሰው ልጥራልዎ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ወጣቱ፣ ሣሩ ሳይሰበር ስለተነሳለት።

ፈታሹ ስልኩን አነሳ።